ስለ መሰናዶ ሥራ፦ በኮንቴይነር የሚሠራ ሶፍትዌር ከመጀመሩ በፊት



ባለፈው ወር በኮምፒዩተር ክፍላችን «ኮንቴይነር» የሚለው ቃል ሲነሣ አንዳንዶቻችን ከጂቡቲ ወደብ በከባድ መኪና የሚመጣውን የብረት ሣጥን፣ አንዳንዶቻችንም በመንገድ ዳር ሱቅ ሆኖ የሚያገለግለውን አስበን እንደ ተሳሳቅን ይታወሳል። የዛሬው ጽሑፌ ዓላማ ስለ ኮንቴይነር በጠቅላላው ለመናገር አይደለም። በኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ አንድ ሶፍትዌር ዋና ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ስለሚደረግለት መሰናዶ ለማስረዳት ነው። ይህን ርእስ የመረጥኩት እንዲያው አይደለም። እኔ ራሴ በዚሁ ጉዳይ ተሳስቼ የሌላ ሰው ልፋት አጥፍቻለሁ። ታሪኩን ከመናገሬ በፊት ግን ቃላቱን እናጥራ።

1. ኮንቴይነር ስንል

አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይሠራም። ሌሎች ፕሮግራሞችና ፋይሎች ያስፈልጉታል። በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ እሺ ብሎ የሠራ ፕሮግራም በሌላው ላይ እምቢ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ጎድሎ ወይም ተለይቶ ሲገኝ ነው። ይህን ችግር ለማቃለል ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር በአንድ ላይ ይታሸጋል። እሽጉ «ኢሜጅ» ሲባል፣ ከኢሜጁ ተነሥቶ በሥራ ላይ ያለው ደግሞ «ኮንቴይነር» ይባላል።

ለእኛ ለሠልጣኞች በቀላሉ የሚገባን ምሳሌ የትምህርት ዕቅድ ነው። ኢሜጁ እንደ ዕለቱ የትምህርት ዕቅድ፣ ኮንቴይነሩ ደግሞ እንደ ክፍለ ጊዜው ነው። በአንድ ዕቅድ በ8ኛ «ሀ»ም በ8ኛ «ለ»ም ገብቶ ማስተማር እንደሚቻል ሁሉ ከአንድ ኢሜጅም ብዙ ኮንቴይነሮች ይነሣሉ።

ይህን አሠራር በሰፊው ያስተዋወቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ዶከር ነው። በዓመቱ ማለትም በ2014 እ.ኤ.አ. ጉግል ኩበርኔቲስ የተባለውን ሥርዓት ይፋ አደረገ። ኩበርኔቲስ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ያሉ ብዙ ኮንቴይነሮችን የሚያሰማራ፣ የወደቀውን የሚያነሣ፣ የጎደለውን የሚተካ ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ጥቂት ኮንቴይነሮችን አንድ ላይ ለማስነሣት ግን ዶከር ኮምፖዝ የተባለው ይበቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮንቴይነር ሲወገድ በውስጡ የተጻፈው አብሮ ይጠፋል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጥቁር ሰሌዳው ይጠረግ የለም? እንደዚያ ነው። ሊቀመጥ የሚገባው መረጃ ግን ተማሪው በደብተሩ እንደሚጽፈው ሁሉ ከኮንቴይነሩ ውጭ «ቮልዩም» በሚባል ማከማቻ ይቀመጣል። በመሆኑም ኮንቴይነሩ ዛሬ አዲስ ሆኖ ሲነሣ የትናንቱን መረጃ በቦታው ያገኘዋል። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

2. የመሰናዶ ሥራ ምንድን ነው?

የመሰናዶ ሥራ የምንለው ዋናው ፕሮግራም ከመነሣቱ በፊት ተሠርቶ የሚያልቀውን ሥራ ነው። ለምሳሌ ያህል፦

ሀ) ዳታቤዝ መክፈትና ሠንጠረዦችን ማውጣት፤
ለ) የመጀመሪያውን አስተዳዳሪ ተጠቃሚ መመዝገብ፤
ሐ) መነሻ መረጃ፣ ይኸውም የክፍሎችን፣ የትምህርት ዓይነቶችንና የተማሪዎችን ስም መጫን፤
መ) የምሥጢር ቁልፍ ማመንጨት፤
ሠ) አዲስ እትም ሲመጣ አሮጌውን ሠንጠረዥ ማሻሻል።

ዋናው ሥራና መሰናዶው የሚለያዩበት ነጥብ ግልጽ ነው። ዋናው ፕሮግራም አጥፋው እስኪባል ድረስ ይሠራል። መሰናዶው ግን ሠርቶ፣ ጨርሶ፣ ይወጣል።

የቆላው ይፋት ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን ከመስኖ ያውቀዋል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ የሮቢ ወንዝ ውሃ ወደ ሽንኩርቱ መደብ ከመለቀቁ በፊት ቦዩ ይጠረጋል፣ መደቡ ይስተካከላል፣ የፈረሰው ዳር ይጠገናል። ተራ የሚያስጠብቀው የውሃ አባት «ጠረጋው ተጀምሯል» ስላሉት ውሃ አይለቅም። «አልቋል» ሲሉት ነው የሚለቅ። ደግሞም እዩ፤ ቦይ ሁለት ጊዜ ቢጠረግ ጉልበት ይባክናል እንጂ ጉዳት የለውም። ሽንኩርት የተተከለበትን መደብ «ማዘጋጀቴ ነው» ብሎ እንደገና ያረሰ ሰው ግን ምን ይባላል?

ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

3. የኔ ስሕተት

አምና ለተግባር ልምምድ ወደ ቀወት ወረዳ ተመድቤ ነበር። በተመደብኩበት ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒዩተር ስለነበረ የተማሪ ውጤት የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ በዶከር ኮምፖዝ ጫንኩት። ኮንቴይነሮቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙ፣ ሦስተኛው የመሰናዶ ሥራው ነው።

የመሰናዶው ትእዛዞች ሦስት ነበሩ፦ ያለውን ሠንጠረዥ ሰርዝ፤ አዲስ ሠንጠረዥ አውጣ፤ የተማሪዎችን ስም ጫን። የመጀመሪያውን ትእዛዝ ያስገባሁት ለራሴ ምቾት ነው። ስሞክር ሁልጊዜ ከንጹሕ ለመጀመር ይረዳኝ ነበር። ሙከራው ሲያልቅ ማውጣት ይገባኝ ነበር፤ ረሳሁት። በዚያ ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው እንዲሠራ በማለት ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር «ሁሉንም አስነሣ» የሚለው ትእዛዝ በራሱ እንዲሄድ አደረግሁ። ይሄ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

አንዲት የክፍል ኃላፊ መምህርት ለሁለት ሳምንት ያህል ከሰዓት በኋላ እየተቀመጡ የክፍላቸውን ውጤት አስገቡ። በግንቦት አንድ ቀን፣ ሙቀቱ ክፍል ውስጥ አላስቀምጥ ባለበት ሰዓት መብራት ጠፋ። ቆይቶ መጣ። ኮምፒዩተሩ ተነሣ፣ ዳታቤዙ ተነሣ፣ መሰናዶውም ተነሣ። እንደታዘዘው ሰረዘ፣ እንደታዘዘው አወጣ፣ እንደታዘዘው ጫነ። ስክሪኑን ስናየው የተማሪዎቹ ስም በፊደል ተራ አንድም ሳይጎድል ተደርድሯል። የውጤቱ ዓምድ ባዶ ነው።

«ልጄ፣ ውጤቱ የት ሄደ?» አሉኝ።

ምን ልበል? መልስ አልነበረኝም። የመረጃውንም ግልባጭ አላስቀመጥኩም። ያዳነን በእጃቸው ጽፈው የያዙት ማርክ ሊስት ነው። ሦስት ምሽት እሳቸው እያነበቡልኝ እኔ ስጽፍ አደርን ማለት ይቻላል። ያ ማርክ ሊስት ባይኖር ኖሮ የስንቱ ልጅ ልፋት በኔ አንድ መስመር ይጠፋ እንደነበረ ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ኮምፒዩተሩ አልተበላሸም፤ ዶከርም አላጠፋም። መብራቱም ቢሆን ሰበብ እንጂ ምክንያት አይደለም። ስሕተቱ የመሰናዶ ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ይሄዳል ብዬ ማመኔ ነው።

4. አራቱ ሕጎች

ከዚያ ወዲህ ባነበብኩትና በሞከርኩት መሠረት የመሰናዶ ሥራን የሚመለከቱ ደንቦችን በአራት ከፍዬ አቀርባለሁ።

ሀ) «ተጀመረ»ን ከ«አለቀ» መለየት።

በኮምፖዝ ፋይል ውስጥ «ዲፔንድስ ኦን» የሚባል መስመር አለ፤ ይህኛው ከዚያኛው በኋላ ይነሣ ማለት ነው። ነገር ግን ሌላ ቃል ካልተጨመረበት የሚጠብቀው ያኛው ኮንቴይነር እስኪነሣ ብቻ ነው። ዳታቤዙ ተነሥቶ ገና ጥያቄ ለመቀበል ሳይደርስ ፕሮግራሙ መጥቶ ያንኳኳል፤ መልስ ሲያጣም ይወድቃል። ስለዚህ ሁኔታው መገለጽ አለበት። ለዳታቤዙ «ጤነኛ ሲሆን» የሚለውን፣ ለመሰናዶው ደግሞ «በተሳካ ሁኔታ ሲጠናቀቅ» የሚለውን እንጽፋለን። ቅደም ተከተሉም ዳታቤዝ፣ ከዚያ መሰናዶ፣ ከዚያ ዋናው ፕሮግራም ይሆናል።

በኩበርኔቲስ ይህን የሚሠራው «ኢኒት ኮንቴይነር» ይባላል። ኢኒት ኮንቴይነሮች አንድ በአንድ በተራ ይሄዳሉ፤ አንዱ በደህና ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም፤ ሁሉም ሳይጨርሱ ዋናው አይነሣም። የውሃ አባት ማለት ይሄ ነው።

ለ) ለአንድ ሥራ አንድ ሠራተኛ።

ኢኒት ኮንቴይነር ግን አንድ ወጥመድ አለው። ዋናው ፕሮግራም በሦስት ቅጂ እንዲሠራ ከታዘዘ ኢኒት ኮንቴይነሩም ከየቅጂው ጋር ሦስት ጊዜ ይሄዳል። ሦስቱ በአንድ ሰዓት አንድ ሠንጠረዥ ላይ ቢረባረቡ ሦስት ሰዎች አንድ ሮስተር ላይ እኩል እንደሚጽፉ ነው። በመሆኑም ለሁሉም የጋራ የሆነውን መሰናዶ፣ ለምሳሌ የሠንጠረዥ ማሻሻያን፣ «ጆብ» ለሚባለው የኩበርኔቲስ ሥራ መስጠት ይሻላል። ጆብ እስኪሳካ ይሠራል፤ ከተሳካ ያቆማል። ቢወድቅ እንደገና ይሞከራል፤ ቁጥር ካልተወሰነለት በስተቀር ድጋሚ ሙከራው እስከ 6 ጊዜ ነው። ከዚህም ሌላ ዳታቤዙ ራሱ ቁልፍ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል፤ አንዱ ገብቶ ሲቆልፍ ሌላው በር ላይ ይጠብቃል።

ሐ) ሁለት ጊዜ ቢሄድ እንዳይጎዳ አድርጎ መጻፍ።

ከአራቱ ዋነኛው ይህ ነው። «ጆብ ከተጠቀምን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሄድ ለምን እንጨነቃለን?» የሚል ይኖር ይሆናል። የኩበርኔቲስ መመሪያ ራሱ የሚለው ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይሂድ፣ አንድ ብቻ ይሁን፣ ድጋሚ አይነሣ ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ያው ፕሮግራም አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ሊጀመር እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ድግግሞሽን መከልከል ብቻ አይበቃም፤ ቢደገምም የማይጎዳ ሥራ መጻፍ ነው መፍትሔው።

እንዴት? አንደኛ፣ «አውጣ» ከማለት «ከሌለ አውጣ»፣ «መዝግብ» ከማለት «ካልተመዘገበ መዝግብ» ማለት ነው። ፖስትግሬስ ከ9.5 እትም ጀምሮ፣ ይኸውም ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ስሙ አስቀድሞ ካለ ዝም ብሎ የሚያልፍ የመመዝገቢያ ትእዛዝ አለው። ሁለተኛ፣ የተሠራውን በመዝገብ መያዝ ነው። ፍላይዌይ የተባለው መሣሪያ የሠንጠረዥ ማሻሻያዎችን በቁጥር ተራ ያስኬዳል፤ የትኛው እንደተሠራም በዳታቤዙ ውስጥ ባለ አንድ ሠንጠረዥ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጊዜ መዝገቡን አይቶ የተሠራውን ያልፋል፤ ያልተሠራውን ብቻ ይሠራል። ሦስተኛ፣ ትእዛዞቹን «ወይ ሁሉም ወይ ምንም» በሚለው ደንብ ማሰር ነው። ፖስትግሬስ ሠንጠረዥ የማውጣቱን ሥራ ጭምር በዚህ ደንብ ስለሚያስተናግድ መካከል ላይ መብራት ቢጠፋ ግማሽ ሥራ አይቀርም፤ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ይፋዊው የፖስትግሬስ ኢሜጅ ሲነሣ የሚያስኬዳቸው የመነሻ ፋይሎች የሚቀመጡበት ማኅደር አለው። ፋይሎቹ የሚሄዱት ግን የመረጃው ማከማቻ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። ይህ ከድግግሞሽ ይጠብቃል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን አንዱ ፋይል መካከል ላይ ቢወድቅና ኮንቴይነሩ እንደገና ቢነሣ ማከማቻው ባዶ ስላልሆነ የቀሩት ፋይሎች አይሄዱም። ዳታቤዙ ተነሥቶ ይሠራል፤ ሠንጠረዡ ግን ጎዶሎ ነው። ሠራተኛው ጀምሮ ስለታየ ብቻ ጨርሷል ብሎ መፈረም ማለት ነው።

መ) ውጤቱን በግልጽ መናገር።

ማንኛውም ፕሮግራም ሲወጣ ቁጥር ትቶ ይወጣል። 0 ከሆነ በደህና ጨርሷል፤ ሌላ ቁጥር ከሆነ ችግር አለ ማለት ነው። ኮምፖዝም ኩበርኔቲስም «አለቀ» ወይም «ወደቀ» የሚሉት ይህን ቁጥር አይተው ነው። ብዙ ጀማሪዎች ትእዛዞችን በአንድ የሼል ፋይል ደርድረው በመጨረሻ «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ያስወጣሉ። ሦስተኛው መስመር ቢወድቅ እንኳ የመጨረሻው መስመር ስለሚሳካ ፋይሉ 0 ብሎ ይወጣል። ተማሪው ሳይገባው «ገብቶኛል» እንደሚለው ነው! መድኃኒቱ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ «በመጀመሪያው ስሕተት አቁም» የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ ነው።

5. በሀገራችን የሚታዩ ምሳሌዎች

ይህ ነገር የትንሽ ትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገውን የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለትም ፋይዳን እንውሰድ። ፋይዳ የተመሠረተው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ በ2018 እ.ኤ.አ. በሕንድ አገር፣ በባንጋሎር ከተማ በሚገኘው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ ሲሆን በኩበርኔቲስ ላይ እንዲጫን ሆኖ የተዘጋጀው መመሪያ ለማንም ክፍት ነው። በዚያ መመሪያ ውስጥ የመሰናዶ ሥራዎቹ ራሳቸውን ችለው ተቀምጠዋል። ዳታቤዞቹን የሚያሰናዳ አለ፤ የተጠቃሚዎችን የሥራ ድርሻ የሚያሰናዳ አለ፤ ቁልፍ ጠባቂው ከመነሣቱ በፊት ቁልፍ የሚያመነጭ አለ፤ የቦታዎችን፣ የቋንቋዎችንና የሰነድ ዓይነቶችን ዝርዝር የሚጭንም አለ።

አሁን የራሳችንን አእምሮ እናሠራ። የስም ዝርዝር ሁለት ጊዜ ቢጫን ድርብ ስም ይታያል፤ ተለቅሞ ይጠፋል። የምሥጢር ቁልፍ የሚያመነጭ መሰናዶ ግን ሁለተኛ ሄዶ አዲሱን ቁልፍ በአሮጌው ቦታ ቢተካ በአሮጌው የተቆለፈው መረጃ ሁሉ ተቆልፎ ይቀራል። የሚከፍተው የለም። ስለዚህ ቁልፍ የሚያመነጭ ማንኛውም መሰናዶ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ቁልፍ አለ ወይ?» ብሎ ነው። ካለ ሳይነካ ይወጣል።

ሁለተኛው ምሳሌ የጤና ጣቢያዎች ወርኃዊ ሪፖርት የሚላክበት፣ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው ዲኤችአይኤስ 2 ነው። የጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ ይጠቀምበታል። ይህ ሶፍትዌር አዲስ እትም ሲጫን በመነሻው ላይ ከላይ በጠቀስነው በፍላይዌይ አማካይነት ሠንጠረዦቹን ያሻሽላል። የመረጃው አደረጃጀት ደግሞ እንደ ዛፍ ነው፤ አገር፣ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ። መነሻ መረጃ ስንጭን ሰሜን ሸዋ ዞን ሳይመዘገብ ቀወት ወረዳን፣ ቀወት ወረዳ ሳይመዘገብ በሥሩ ያለውን ጤና ጣቢያ ማስገባት አይቻልም፤ የሚንጠለጠልበት ግንድ የለውማ። በመሰናዶ ውስጥም ቅደም ተከተል የግድ ነው የምለው ለዚህ ነው።

6. ማጠቃለያና የፈተና ዘዴ

እንግዲህ ከላይ የዘረዘርነውን ሁሉ ማንም ሠልጣኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊፈትነው ይችላል። ዘዴው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት የመረጃውን ግልባጭ ውሰዱ፤ ፈተናውንም በእውነተኛው መረጃ ላይ ሳይሆን በግልባጩ ላይ አድርጉ። ሁለተኛ፣ መሰናዶውን አስኪዱና የተማሪዎቹን ቁጥር ጻፉ። ሦስተኛ፣ ጥቂት ውጤት አስገብታችሁ መሰናዶውን እንደገና አስኪዱ። ቁጥሩ ከጨመረ፣ ወይም ያስገባችሁት ከጠፋ መሰናዶው ገና ነው። አራተኛ፣ በባዶ ዳታቤዝ ላይ ጀምራችሁ መካከል ላይ ግደሉት፤ ከዚያ አስነሡት። ሳትረዱት ከጨረሰ አልፏል። አምስተኛ፣ ሆን ብላችሁ አንድ መስመር አበላሹና ዋናው ፕሮግራም አለመነሣቱን አረጋግጡ። ተነሥቶ ከተገኘ ሕግ «ሀ» ወይም ሕግ «መ» ተጥሷል።

እኔ ፕሮግራሙን በዚህ መልክ እንደገና ጽፌ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለስኩ። ግልባጭ ካስቀመጥን በኋላ በመምህርቷ ፊት ሦስት ጊዜ ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ሦስቱንም ጊዜ ውጤቱ በቦታው ተገኘ። «እንግዲህ ደህና ነው» አሉኝ። ማርክ ሊስቱን ግን አሁንም በእጃቸው መጻፍ አልተውም። እኔም ተዉት አላልኳቸውም፤ ግልባጭ ማለት ያ ነውና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «ከሌለ አውጣ» የሚለው ትእዛዝ ሠንጠረዡ ቢኖርም አንድ ዓምድ ቢጎድለው ምን ይጠቅማል? ያልጠቀመ እንደሆነስ ምን ይደረግ?
2. የትምህርት ዘመን ሲጀመር በትምህርት ቤት ከሚደረጉት ሥራዎች ሁለት ጊዜ ቢደገሙ የማይጎዱትንና የሚጎዱትን ለይታችሁ ጻፉ።
3. ኢኒት ኮንቴይነርንና ጆብን አወዳድሩ። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚሠራ የትምህርት ቤት ፕሮግራም ኩበርኔቲስ ያስፈልገዋልን? ምክንያታችሁን ስጡ።

መልስ ያላችሁ ወይም ስሕተት ያገኛችሁብኝ ሠልጣኞችና መምህራን ጽፋችሁ ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉልኝ በምስጋና እቀበላለሁ።

ከአንድ ሠልጣኝ መምህር